እናቴን በዊልቸር መርከብ ላይ ማሳፈር፦ የትኛውን ካቢን፣ መቼ፣ በስንት?

የጅሬን ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከጅማ ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው አሰብ ነው፤ አባቷ ወደቡ ላይ ክሬን ያንቀሳቅስ ነበር። በ1983 ከዚያ ከወጣች ወዲህ ባሕር አላየችም። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ ደክሟል። ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዛ ጥቂት እርምጃ ትራመዳለች፤ ከደጅ ውጪ ግን ያለ ዊልቸር አይሆንላትም።

ጀርመን የሚኖረው ወንድሜ በመጪው ግንቦት መጨረሻ የሰባት ሌሊት የመርከብ ጉዞ ሊጋብዛት ፈልጎ ሁለት አማራጭ ልኮልኛል። አንደኛው ሮም አጠገብ ካለው ከቺቪታቬኪያ ወደብ ተነስቶ ጄኖቫን፣ ማርሴይን፣ ባርሴሎናንና ኔፕልስን ዞሮ ይመለሳል። ሁለተኛው ከአቴንስ ፒሬየስ ተነስቶ ሚኮኖስን፣ ሳንቶሪኒንና የቱርኩን ኩሻዳሲን ይነካል። የመጀመሪያው መስኮት በሌለው ካቢን ለአንድ ሰው 780 ዩሮ ነው። የምንሄደው ሦስት ነን፦ እናቴ፣ እኔና ወንድሜ። ሦስተኛ ሰው እዚያው ካቢን ውስጥ ቢያድር 350 ዩሮ ይጨምራል፤ ወንድሜ ለብቻው ካቢን ቢይዝ ግን 1,150 ይጠይቁታል።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ለዊልቸር የተዘጋጀ ካቢን ዋጋው ይበልጣል? የግድ እሱን መያዝ አለብን? ቪዛ ሳይኖረን ከአሁኑ መክፈልስ አያሰጋም? እናቴ ነገሩን ከሰማች ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም። ተስፋ ሰጥቼ እንዳላሳዝናት ፈርቻለሁ።

ስድስት ዓመት በባሕር

እህቴ፣ በመዝናኛ መርከቦች ላይ ስድስት ዓመት የካቢን አስተናጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። በሩን ብቻ ልንገርሽ፣ ሌላው ይከተላል። የተራ ካቢን በር ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ56 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ከዚያም ይጠባል፤ ውኃ ወደ ክፍሉ እንዳይፈስ ደግሞ ከፍ ያለ ደፍ አለው። ለዊልቸር የተዘጋጀው ካቢን በሩ 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ውስጡ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን መዞሪያ ቦታ አለ፤ መታጠቢያው ደፍ የለውም፤ መቀመጫና መደገፊያ ብረት ተገጥሞለታል።

ዋጋውን በተመለከተ አትስጊ፤ በዚያው ደረጃ ካለው ተራ ካቢን ጋር እኩል ነው። ችግሩ ቁጥሩ ነው። ሦስት ሺህ መንገደኛ በሚጭን መርከብ ላይ እንዲህ ያሉት ካቢኖች ጥቂት አሥሮች ቢሆኑ ነው፤ ከሁሉም ቀድመው የሚያልቁትም እነሱ ናቸው።

ስለ ቦታውም ልጨምር። ከመርከቡ ወገብ አካባቢ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ፣ ለአሳንሰር የቀረበ ይሁን። መርከቡ ሲወዛወዝ ጫፍና ጫፉ፣ እንዲሁም ላይኛው ፎቅ ነው ብዙ የሚንቀሳቀሰው። ከመዋኛ ገንዳው በታች ያለውን ፎቅ ተዉት፤ ሌሊት ወንበር ሲጎተት ትሰማላችሁ። እያንዳንዱ ፎቅ የሚታይበትን የመርከቡን ንድፍ ከድርጅቱ ጠይቁና ከካቢናችሁ በላይና በታች ምን እንዳለ ተመልከቱ።

ፊዚዮቴራፒስት ከጅማ

ሰላም እህቴ። ቀኝ ጎኗ ከደከመ ከዊልቸር ወደ አልጋም ሆነ ወደ መጸዳጃ መቀመጫ የምትሸጋገረው በግራ እጇ ኃይል ነው። ስለዚህ «መደገፊያ ብረት አለው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ስትቀመጥ ብረቱ በየት በኩል ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብረቱ በቀኟ ከሆነ ለእሷ የለም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የዊልቸሩን ስፋት ለኩ። የሚለካው የመቀመጫው ስፋት ሳይሆን በእጅ ከሚገፉት ቀለበቶች ውጪኛ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ነው። የመቀመጫውንም ከፍታ ከነትራሱ ለኩና የአልጋውን ከፍታ ጠይቁ። ከወንበር ወደ ከፍ ያለ አልጋ መሸጋገር ለእሷ ዳገት ነው።

የጅሬን ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን የልብስ ሰፊ ጎረቤታችንን ሜትር ተውሼ ለካሁ። ከቀለበት እስከ ቀለበት 65 ሴንቲ ሜትር፤ መቀመጫው ከነትራሱ 50 ሴንቲ ሜትር። ተራው ካቢን እንደማያስገባን በዚሁ ገባኝ። እናቴ ሜትሩን ስታይ «ቀሚስ ልታሰፉልኝ ነው?» አለችኝ። ስለ ብረቱ ግን እውነቱን ልናገር፣ ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር።

ስድስት ዓመት በባሕር

የብረቱን ነገር ማንሳታቸው ትልቅ ነገር ነው። በመርከብ ላይ ካቢኖች ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል መስለው ይሠራሉ። በአንደኛው በግራ ያለው ብረት በጎረቤቱ በቀኝ ይሆናል። ስለዚህ ወንድምሽ ደውሎ «በግራ እጅ የሚያዝ ብረት ያለውን የካቢን ቁጥር ስጡኝ» ይበል። ትልልቆቹ ድርጅቶች የአካል ጉዳተኛ መንገደኞችን ጉዳይ ብቻ የሚመለከት ክፍል አላቸው፤ ከሽያጭ ሠራተኛው ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ከአዌቱ ማዶ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ነገሩን አላከበዳችሁትም? ጥቂት እርምጃ የምትራመድ ከሆነ ዊልቸሩን አጥፎ ኮሪደር ላይ ማቆምና በእጅ ደግፎ ማስገባት ይቻላል። እንዲያውም «ዋስትና ያለው ካቢን» የሚሉት ርካሽ ዋጋ አለ፤ ደረጃውን ትመርጣለህ፣ ቁጥሩን ድርጅቱ ኋላ ይሰጥሃል። ገንዘብ ይቆጥባል።

ስድስት ዓመት በባሕር

ወንድሜ፣ ለመቆጠብ ማሰብህ ደግ ነው፤ ይህ ግን አይሆንም። ኮሪደሩ የእሳት ማምለጫ መንገድ ነው፤ ዊልቸር እዚያ ማቆም ክልክል ነው፣ ያቆመም ሰው ያስነሡታል። ሌሊት መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ደግሞ መርከቡ እየተወዛወዘ ደፍ መሻገር አለባት። ቤት ግድግዳ ይዛ የምትራመደው ግድግዳው ስለማይንቀሳቀስ ነው።

አባቴን ይዤ የሄድኩ

በ«ዋስትና ያለው ካቢን» የተጎዳሁት እኔ ስለሆንኩ ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት አባቴን ይዤ ስሄድ 90 ዩሮ ለመቆጠብ ብዬ በዚያ ዋጋ ገዛሁ። ሻጩ ስለ ዊልቸሩ «ማስታወሻ ጽፌአለሁ» አለኝ። የተሰጠን ተራ ካቢን ነበር፤ የተዘጋጁትም ሁሉ ተይዘው አልቀው ነበር። አባቴ ሰባቱንም ቀን ገላውን በፎጣ ነው የታጠበው። እሱ አንድ ቀን አላማረረም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የካቢኑ ቁጥርና «ለዊልቸር የተዘጋጀ» የሚለው ቃል በማረጋገጫ ወረቀታችሁ ላይ ተጽፎ ካላያችሁ ገና አልያዛችሁም።

መስመሩንም በተመለከተ የግሪኩን ተዉት። ሳንቶሪኒ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ የለም፤ መርከቡ መልሕቅ ጥሎ መንገደኛው በትንሽ ጀልባ ይወርዳል። ማዕበል ካለ ለዊልቸር ተጠቃሚ አይፈቅዱም። ቢፈቅዱም ከጀልባው ወርዶ ወደ ከተማው የሚወጣው በገመድ መኪና ወይም ወደ ስድስት መቶ በሚጠጉ ደረጃዎች ነው። እናታችሁ ከመርከቡ ሆና ደሴቱን ከሩቅ ታያለች ማለት ነው። በጣሊያኑ መስመር ግን መርከቡ በየወደቡ ይጠጋል፤ በድልድይ ትወርዳላችሁ። ኔፕልስ ወደቡ መሀል ከተማው ላይ ነው፤ ድንጋይ ንጣፉ ግን የፊት ጎማዎቹን ይይዛቸዋልና በዝግታ ግፉ። በማርሴይ ወደቡ ከከተማው ስለሚርቅ አውቶቡስ ያስፈልጋል፤ ዊልቸር የሚያነሣ መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። ለእኔ ከሁሉ የተመቸኝ ባርሴሎና ነው። የባሕር ዳርቻው መንገድ ለጥ ያለ ነው፤ አባቴ እዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ማዕበሉን ሲመለከት ነበር።

ትኬት ቆራጭ ከአዲስ አበባ

እኔ የምሠራው ጉዞ ወኪል ቤት ነው። ጠያቂዋ «ቪዛ ሳይኖር መክፈል አያሰጋም?» ያለችው ዋናው ጥያቄ ይመስለኛል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። ካቢኑ ቀድሞ ያልቃል፤ የሸንገን ቪዛ (የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ግን ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ካልሆነ አይገባም። ቪዛውን ጠብቃችሁ ካቢን ልያዝ ብትሉ ካቢን አታገኙም። ስለዚህ ሁለቱን በቀን መቁጠሪያ ማስታረቅ ነው።

ጉዞው ግንቦት መጨረሻ ከሆነ ቪዛ ማመልከት የሚቻለው ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ነው። የመርከብ ድርጅቶች የመጨረሻውን ክፍያ የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ሲቀር ነው፤ የእናንተ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ይሆናል። እንግዲህ ዛሬ፣ በጥቅምት፣ የሚመለስ ቀብድ ከፍላችሁ ካቢኑን ያዙ። «የሚመለስ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ጥቂት ዩሮ የሚረክሰው ዋጋ ብዙ ጊዜ ቀብዱ የማይመለስ ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ የመርከቡን ማረጋገጫ ይዛችሁ አመልክቱ። መልሱ ለኢትዮጵያውያን እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ የቀጠሮውን ጥበቃ ብትጨምሩበትም የካቲት ሳያልቅ ቁርጡን ታውቃላችሁ። ቪዛው ከተከለከለ ቀብዳችሁን ትወስዳላችሁ። የመጨረሻውን ክፍያ ከፈጸማችሁ በኋላ ግን ቅጣቱ እየከበደ ይሄዳል።

የግሪኩ መስመር ሌላም እንከን አለው። ኩሻዳሲ ቱርክ ስለሆነ ከሸንገን ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዛችሁ ከሆነ መመለሻ የላችሁም። የጣሊያኑ መስመር ከሸንገን አይወጣም፤ ብዙ ቀን የምትቆዩትም ጣሊያን ስለሆነ የምታመለክቱት ለጣሊያን ነው። የማመልከቻ ክፍያው ለአንድ ሰው 90 ዩሮ ነው። የጤና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ሲገዙ ግን ሁለት ነገር ያንብቡ፦ ቀድሞ የነበረን ሕመም ይሸፍናል ወይ? ከመርከብ ወደ የብስ ሆስፒታል ማጓጓዝንስ? በመርከብ ላይ ሐኪም አለ፣ ሒሳቡ ግን ከባድ ነው።

ሕጉም ከጎናችሁ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ወደብ ለሚነሣ መርከብ ደንብ ቁጥር 1177/2010 ይሠራል። ለአካል ጉዳት ተብሎ ዋጋ መጨመር አይቻልም፤ ዊልቸሩ በድርጅቱ ጥፋት ቢሰበር መጠገን ወይም መተካት አለበት። በበኩላችሁ የካቢን ፍላጎታችሁን ስትይዙ፣ ሌላውን እርዳታ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ይጠበቅባችኋል።

ሒሳቡን እንየው። ሦስታችሁ በአንድ ካቢን 1,910 ዩሮ፤ ወንድምሽ ለብቻው ከያዘ 2,710። የመርከብ ዋጋ የሚሰላው በአንድ ካቢን ሁለት ሰው እንደሚያድር ታስቦ ስለሆነ ብቻውን የሚያድር ሰው የባዶውን አልጋም ይከፍላል። በዚያ ላይ የአገልግሎት ክፍያ በሰው በቀን 12 ዩሮ ቢሆን ለሦስት ሰው ለሰባት ሌሊት 252 ዩሮ ነው። የወደብ ግብሩ በተነገራችሁ ዋጋ ውስጥ መካተቱን አረጋግጡ።

ስድስት ዓመት በባሕር

ስለ ሦስተኛው አልጋ አንድ ነገር ላንሣ። ሦስተኛው ሰው የሚተኛው አብዛኛውን ጊዜ በሚዘረጋ ሶፋ ላይ ነው፤ ሶፋው ሲዘረጋ ዊልቸሩ የሚዞርበትን ቦታ ይበላዋል። እናትሽ ሌሊት መነሣት ካለባት ወንድምሽን መቀስቀስና ሶፋውን ማጠፍ ሊኖርባችሁ ነው። 800 ዩሮው ብዙ ገንዘብ ነው፣ አውቃለሁ። ቢያንስ የካቢኑን ስፋት ሳትጠይቁ አትወስኑ። ሌላው፣ የመርከብ ሠራተኛ ክፍል ያጸዳል፣ ይታዘዛል፤ መንገደኛ ማንሣትና ማጠብ ግን ሥራው አይደለም። እሱ በአንቺ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የአደጋ ጊዜ ልምምድ አለ። በአደጋ ጊዜ አሳንሰር አይሠራም። በደረጃ የሚያወርዷት ሰዎች በስም እንዲመደቡላት፣ እንደ ገባችሁ የካቢን ቁጥሯን እርዳታ በሚፈልጉት ዝርዝር ላይ አስጽፉ።

ፊዚዮቴራፒስት ከጅማ

ከጅማ እስከ ቦሌ ያለውንም አስቡበት። በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእሷ አውሮፕላኑ ይሻላል። እኔ አንዲት ታካሚ ይዤ ስሄድ የነበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው፤ መውጫው የራሱ ደረጃ ነው። ትኬት ስትቆርጡ «ዊልቸር ትፈልጋለች» ብቻ አትበሉ፤ ደረጃ መውጣት እንደማትችል ለይታችሁ አስመዝግቡ፣ ሁለቱ የተለያየ እርዳታ ነው። ሮም የምትደርሱት መርከቡ ከሚነሣበት ቀን አንድ ቀን ቀድማችሁ ይሁን። ከመነሣታችሁ በፊት የጎማ ካመነዳሪና ማጣበቂያ ግዙ፤ ብስክሌት ጠጋኙ እንዴት እንደሚለወጥ ያሳይሽ። ትራሷን በእጅሽ ያዢ፣ ከሻንጣ ጋር አትላኪው።

አባቴን ይዤ የሄድኩ

የረሳሁት፦ ምግቧስ? አባቴ ጾመኛ ስለነበር ቀድመን አሳውቀን ያለ ሥጋና ያለ ወተት ይሠሩለት ነበር። ሲያዙ ካልተነገረ ግን ሰላጣ በሰላጣ ይሆናል።

የጅሬን ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ዛሬ ደውሎ ነበር። በጣሊያኑ መስመር በግንቦት መጨረሻው ጉዞ የቀሩት የተዘጋጁ ካቢኖች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ብረቱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ። የግራውን በሚመለስ ቀብድ ይዟል፤ የካቢኑ ቁጥርም በወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ወለሉ ሶፋው ተዘርግቶ ሳለ ለዊልቸር እንደማይበቃ ነግረውታል፤ ስለዚህ እሱ ፊት ለፊት ያለውን መስኮት አልባ ካቢን ለብቻው ሊይዝ ነው። ልዩነቱን ከእኔ ቁጠባ እከፍላለሁ ብዬዋለሁ።

የእናቴ ፓስፖርት ጊዜው በመጪው ሐምሌ የሚያልቅ ሆኖ አገኘሁት። ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር መቆየት ስላለበት ሰኞ ጠዋት ለማሳደስ እሄዳለሁ። እናቴ ደግሞ የምትጠይቀኝ ስለ ቪዛም ስለ ብረትም አይደለም። «ካቢኑ መስኮት ከሌለው ባሕሩን ከየት ሆኜ ነው የማየው?» ትላለች። ከአልጋ ተነሥታ በዊልቸር ጠዋት በማለዳ ልትወጣበት የምትችለው፣ ደፍ የሌለው ክፍት ፎቅ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ስድስት ዓመት በባሕር

በሠራሁባቸው መርከቦች ሁሉ የነፍስ አድን ጀልባዎቹ በተሰቀሉበት ፎቅ ላይ ዙሪያውን የሚያስኬድ መተላለፊያ ነበር። በሮቹ ከባድ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ደፍ አላቸው፤ በቁልፍ የሚከፈተው ሰፊው በር የትኛው እንደሆነ እንግዳ መቀበያውን ጠይቂ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዚያ ሰው አይበዛም። ብርድ ልብስ ያዢላት።