በደንገል ታንኳ ውድድራችን ማን ምን ይዞ ይግባ? ደንብ ለመጻፍ የሚረዳ ሐሳብ እፈልጋለሁ

ጥያቄ — የሐይቅ ዳር ልጅ (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። በእኛ ሰፈር ወጣቶች መካከል በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ የሚካሄድ የታንኳ ውድድር አለ። ተወዳዳሪው ከዳር ተነሥቶ፣ በድንጋይ ታስሮ ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ጀሪካን ዞሮ ይመለሳል፤ ሽልማቱ አንድ ሙክት ነው፣ ክርክሩ ግን ከሙክቱ ዋጋ በላይ ነው። ዘንድሮ ደንቡን በጽሑፍ እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ስለ ተሰጠኝ፣ ካለፈው ውድድር የተረፉትን ሦስት ጭቅጭቆች ላቅርብላችሁ።

አንደኛው፣ አንድ ተወዳዳሪ ትንሽ የፋይበር ጀልባ ይዞ መጥቶ፣ «ሞተሩን ፈትቼዋለሁ፣ የምቀዝፈው በክንዴ ነው» ብሎ ገብቶ ማሸነፉ ነው። ሁለተኛው፣ ሌላው ልጅ ጀሪካኑን ዞሮ ሲመለስ ነፋሱ ከጀርባው መሆኑን አይቶ፣ ጋቢውን በመቅዘፊያው ላይ አስሮ እንደ ሸራ በመዘርጋት፣ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ የሚቀዝፉትን ጓደኞቹን ቁጭ ብሎ አለፋቸው። ሦስተኛውና ቂም ያስከተለው ግን፣ ራሱ የማሸነፍ ተስፋ ያልነበረው አንድ ቀዛፊ ታንኳውን በመሪው ፊት አግድሞ በማቆም ለጎረቤቱ ድሉን ማመቻቸቱ ነው።

ሽማግሌዎቻችን መፍትሔው ወደ ድሮው መመለስ ነው ይላሉ፤ ድሮ ሁሉም ደንገሉን ራሱ አጭዶ፣ ታንኳውን ራሱ አስሮ፣ በጨዋነት ይወዳደር ነበር ባይ ናቸው። ወጣቶቹ ይህን አይቀበሉም። የሸራ ጀልባ ውድድር የቆየ ልማድ በሆነባቸው አገሮች እንዲህ ያለው ነገር እንዴት እንደሚዳኝ የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ — ነፋስ ተከታይ

ወንድሜ፣ ከሦስተኛው ልጀምር፤ ምክንያቱም በሸራ ጀልባ ውድድር ዓለም በሚገባ የተብላላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ሌዘር በሚባለው ትንሽ የአንድ ሰው ጀልባ የብራዚሉ ሮበርት ሼይትና የእንግሊዙ ቤን አይንስሊ ለወርቅ ተፋጠጡ። በመጨረሻው ዙር ሁለቱም ከመነሻው ምልክት ቀድመው በመውጣታቸው ከዙሩ ተሰረዙ፤ በነጥብ ይመራ የነበረው ሼይት በዚያው ወርቁን ወሰደ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲድኒ ላይ አይንስሊ በመጨረሻው ዙር ራሱ ለመቅደም ሳይሆን ሼይትን ወደ ኋላ ለማስቀረት ወጣ፤ ፊት ፊቱን እየሄደ፣ ነፋሱን ከሸራው ላይ እየጋረደ ወደ ተወዳዳሪዎቹ ጭራ ወሰደውና ወርቁን አገኘ። ብዙ ሰው ተቆጣ፣ ነገር ግን ወርቁ ጸና። የዓለም አቀፉ የሸራ ጀልባ ማኅበር ዳኞች የሚከተሉት አተረጓጎም ግልጽ ነው፤ ተወዳዳሪ ሌላውን ማዘግየት የሚችለው፣ ድርጊቱ የራሱን የመጨረሻ ደረጃ ሊያሻሽልለት የሚችል ከሆነ ብቻ ነው። የእናንተው ሰው ግን ያገደመው ለራሱ ሳይሆን ለጎረቤቱ ነው። ይህ በማንኛውም የሸራ ውድድር ከጨዋነት ውጭ የሆነ ጨዋታ ተብሎ ያሰርዛል።

ጋቢውን በተመለከተ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። በሸራ ውድድር ክልክሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ በነፋስና በውኃ ኃይል ብቻ መሄድ ግዴታ ስለ ሆነ መቅዘፍ ያስቀጣል፣ ጀልባዋን በሰውነት እያወዛወዙ ወይም ሸራውን ደጋግመው እየጎተቱ መግፋት እንኳ አይፈቀድም። ስለዚህ መጀመሪያ ውድድራችሁ የክንድ ነው ወይስ የነፋስ የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈው።

ለጀልባው ጉዳይ ደግሞ ሌዘርን አስብ። ጀልባዎቹ ሁሉ በአንድ ልክ የተሠሩ ናቸው፣ በኦሊምፒክም አዘጋጁ ራሱ ያቀርባቸዋል፤ በውጤቱ የሚለየው ሰውየው ነው። እናንተም ሁሉንም ታንኳዎች በአንድ ሠሪ አሠርታችሁ በዕጣ ብታከፋፍሉ ነገሩ ያልቃል።

መልስ — አያ ደንገሌ (ዘጌ)

ልጄ፣ «ድሮ በጨዋነት ነበር» የሚለውን እኔ በዕድሜዬ የማውቀው ሰው ስለ ሆንሁ ጥቂት ልበል። ደንገል ውኃ ይጠጣል። በፀሐይ የደረቀ ታንኳ ሁለት ሰው ተሸክሞት ይሄዳል፤ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ ግን ለአራት ሰውም ይከብዳል፣ ቀዛፊውም ከወገቡ በታች ረጥቦ ነው የሚደርሰው። ስለዚህም ነው ከሥራ ሲመለሱ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ ዳር ላይ አቁሞ ማድረቅ የቆየ ወግ የሆነው። እንግዲህ በወጣትነታችን የውድድር ዋዜማ ሌሊት ታንኳውን ሳይጠብቅ የሚተኛ ሰው አልነበረም፤ የተኛም እንደ ሆነ ጠዋት ሲነሣ ከቆመበት ወርዶ ሐይቁ ውስጥ ተኝቶ ያገኘዋል። ማን ገፋው ቢባል ማዕበል ነው ይባላል። ይህን ያደረጉት ሰዎች ዛሬ በየአድባሩ ስለ ድሮ ጨዋነት ሲመሰክሩ እሰማለሁና፣ በመልካም ትዝታቸው ባልቀናም በዳኝነታቸው ላይ ግን እጠነቀቃለሁ።

ሁሉም ታንኳውን ራሱ ያስር ነበር የሚለውም ልክ አይደለም። በጣና ዙሪያ ደንገል በማሰር የታወቁት የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች ናቸው፤ እኛም ጥሩ ታንኳ ስንፈልግ የምንሄደው ወደ እነርሱ ነበር፤ ሲያሸንፍ የሚወደሰው ግን ቀዛፊው ብቻ ነበር።

ከላይ የጻፈው ወንድማችን ባነሣው ዕጣ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ልጨምርበት። በአንድ እጅ የታሰሩ ቢሆኑም የደረቁበት ቀን ከተለያየ እኩል አይደሉም። የታንኳዎቹ ደንገል ሁሉ በአንድ ቀን ይታጨድ፣ ታንኳዎቹም በአንድ ቦታ ይድረቁ፣ ዋዜማውንም ዘብ ይቁምላቸው።

መልስ — እህተ ጣና

አያ፣ ስለ ድሮው ያሉትን በሙሉ እቀበላለሁ። የባሕር ማዶውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ዛሬ የአሜሪካ ዋንጫ የሚባለው ውድድር መነሻ በሆነው በ1851 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በእንግሊዝ የዋይት ደሴት ዙር፣ «አሜሪካ» የተባለችው መርከብ ሌሎቹ ለምልክት መብራት ይዞ ከቆመው መርከብ ውጭ ሲዞሩ በአቋራጭ በውስጥ በኩል በማለፏ ቅሬታ ቀርቦባት ነበር፤ ለተወዳዳሪዎች የተሰጠው መመሪያ ግልጽ ስላልነበረ ግን ድሏ ጸና። በ1895 ደግሞ ሎርድ ደንሬቨን የተባለው ተፎካካሪ አሜሪካኖቹን በድብቅ ክብደት ጨምረዋል ብሎ ከሰሰ፤ ተመርምሮ ክሱ ውድቅ ሲሆን ዋንጫውን ከያዘው ከኒው ዮርክ የጀልባ ክለብ የክብር አባልነት ተሰረዘ። ሰው ሁሉ በናፍቆት የሚያወራለት ያ የትልልቅ ሸራዎች ዘመን ይህን የመሰለ ነው። እውነት ነው፣ በዚያው ዘመን ቶማስ ሊፕተን ከ1899 እስከ 1930 አምስት ጊዜ ሞክሮ አምስቱንም ሲሸነፍ ቂም ባለመያዙ አሜሪካኖች ራሳቸው የወርቅ ዋንጫ ሸልመውታል። ግን አንድ ሊፕተን ዘመኑን በሙሉ አያጸድቅም።

በዕጣው ላይ ግን አልስማማም። ሁሉ አንድ ዓይነት ታንኳ ከያዘ የአሳሪው ጥበብ ከውድድሩ ወጣ ማለት ነው፤ ወይጦዎቹ አልተወደሱም ያሉትን እርስዎ ራስዎ በዚህ መንገድ ሊያጸኑት ነው። በ1983 «አውስትራሊያ ሁለት» የኒው ዮርክን ክለብ የ132 ዓመት የበላይነት 4 ለ 3 የሰበረችው ቤን ሌክስን በነደፈላት፣ ከሆዷ ሥር በተንጠለጠለው ባለ ክንፍ ብረት እየታገዘች ነው። ክለቡ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ለማስከልከል ሞከረ፣ አልሆነለትም። እነርሱም ብረቱን እስከ መጨረሻው በጨርቅ ሸፍነው ነበር የያዙት። የዚያ ውድድር ጣዕሙ ግማሹ ጨርቁ ነው!

ነፃነቱ ግን ወሰን ያስፈልገዋል፤ ፋይበሩን የማልቀበለው ለዚህ ነው። በ1988 ኒውዚላንድ እጅግ ግዙፍ ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ይዛ ስትመጣ አሜሪካኖቹ በቀላልና ፈጣን ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ገጠሟት። ደንቡ ይህን በግልጽ ስላልከለከለ ውኃው ላይ 2 ለ 0 አልቆ ክርክሩ ፍርድ ቤት ገባ፤ አንዱ ፍርድ ሌላውን እየሻረ እስከ 1990 ቆየ። ስለዚህ «ታንኳ ማለት ከደንገል የታሰረ ነው» ብለህ ጻፍ፤ ቅርጹን፣ ርዝመቱን፣ አስተሳሰሩን ለባለሙያው ተውለት። ለባለ ፋይበሮቹ ሌላ ዙር ይዘጋጅላቸው፣ ሙክታቸውንም ለብቻ ይግዙ።

መልስ — ነፋስ ተከታይ

እህቴ፣ ክርክርሽ አሳምኖኛል ለማለት ባልደርስም አንድ መካከለኛ መንገድ ይታየኛል። እያንዳንዱ ቀዛፊ አንዱን ዙር በገዛ ታንኳው፣ ሁለተኛውን በዕጣ በደረሰው ይወዳደርና ውጤቱ ይደመር። ሰው መጥፎ ታንኳ አስሮ ለሌላው እንዳያሳልፍ የመጀመሪያው ዙር ይይዘዋል፣ በታንኳው ብቻ እንዳያሸንፍ ደግሞ ሁለተኛው።

መልስ — የወደብ ሠራተኛ

ደንቡ ላይ ስለ አደጋ አንድም ቃል ስላላየሁ ነው የምጽፈው። ጣና ጠዋት እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል፤ ውድድሩ ጠዋት ይጀመር። ሰው ለማዳን የቆመ ቀዛፊ እንዳይጎዳም በጽሑፍ ይግባ። እ.ኤ.አ. በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ ካናዳዊው ሎውረንስ ለሚዩ ሁለተኛ ሆኖ እየሄደ ሳለ ጀልባቸው የተገለበጠችባቸውን ሁለት የሲንጋፖር ተወዳዳሪዎች ለማዳን ከመስመሩ ወጣ፤ ዳኞቹም በዚያ ዙር የነበረበትን ሁለተኛ ደረጃ መልሰው ሰጡት። በእናንተ ዘንድ ግን ዳኛው ማን ምን ቦታ ላይ እንደ ነበር ማየት ስላለበት፣ ጀሪካኑ አጠገብ አንድ ሰው በጀልባ ይቀመጥ።

መልስ — የሐይቅ ዳር ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደንገል ብቻ፣ ሁለት ዙር፣ ጠዋት መጀመር፣ ለሌላ ሰው ብሎ የሚያግድም ከውድድሩ እንዲሰረዝ፣ አዳኙም ደረጃው እንዲጠበቅለት ጽፌአለሁ። የታንኳው አሳሪ ስምም ከአሸናፊው ጋር አብሮ ይጠራል፤ ይህን ሽማግሌዎቹ ያለ ክርክር ተቀበሉ። አያ ያነሡት የዋዜማ ዘብ ግን ትንሽ አስቸግሮናል፣ ምክንያቱም ለዘብነት ቀድመው እጃቸውን ያወጡት ሁለቱም የተወዳዳሪ ወንድሞች ናቸው። ከሌላ ሰፈር ሰው ብናስመጣ ሽማግሌዎቹ እንደ ስድብ ይቆጥሩት ይሆን? የባለ ጋቢው ልጅ ደግሞ «ነፋስ የእግዚአብሔር ነው፣ ደንገልም የእግዚአብሔር ነው፤ አንዱን ፈቅዳችሁ ሌላውን ስለ ምን ትከለክላላችሁ?» ብሎ በጽሑፍ አቤቱታ አስገብቷል፤ መልስ ያላችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።