ክርክር፦ ለ2031 ራግቢ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾችን ይመልምል ወይስ ታዳጊዎችን ያሳድግ?

መነሻ ጥያቄ፦ የ2031 የወንዶች የራግቢ ዓለም ዋንጫ የሚካሄደው አሜሪካ ነው። የአገሪቱ ራግቢ የኮሌጅ ፉትቦል የጨረሱ ጎልማሶችን ይመልምል ወይስ አቅሙን ሁሉ ታዳጊዎች ላይ ያውል?

ክንፉ፦ ይመልመል እንጂ! ፔሪ ቤከር ከፉትቦል መጥቶ በ2017 እና በ2018 የዓለም ምርጥ የሰባት ሰው ራግቢ ተጫዋች ተብሏል። ሕግ በትምህርት ይገባል፤ እንዲህ ያለ ፍጥነት ግን አብሮ የሚወለድ ነው።

ዳኛዋ፦ ወንድሜ፣ የጠቀስከው የሰባቱን ነው። እዚያ ሙሉ ሜዳውን ለ14 ደቂቃ የሚሸፍኑት በየቡድኑ 7 ሰዎች ስለሆኑ ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ ሯጭ ይገንንበታል። ዓለም ዋንጫው 15 ሰው፣ 80 ደቂቃ ነው። ፉትቦል ላይ ኳስ የያዘው ሲጣል ጨዋታው ይቆማል፤ ራግቢ ላይ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። የወደቀው ኳሱን ወዲያው ይለቃል፤ የጣለው ሰውየውን ለቆ ተንከባሎ ይወጣል፤ የሚደርሱት በራሳቸው ወገን በኩል፣ በእግራቸው ቆመው ይገባሉ። ከኳስ ያዡ ፊት ቀድሞ ተከላካይ መግታት እዚያ ችሎታ፣ እዚህ ቅጣት ነው። መስመሩን አልፎ ኳሱን መሬት ላይ ሳይጫኑ መወርወርማ 5 ነጥብ መጣል ነው።

አሰልጣኙ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ጭንቅላታቸው ነው። በሄልሜት የለመደ ሰው ጭንቅላቱን ከሯጩ ፊት ያስገባል፤ ያለ ሄልሜት ጉልበት ወይም ዳሌ ይመታዋል። የስክረም (የሁለቱ ቡድን ስምንት ስምንት ሰዎች ተቆላልፈው የሚገፋፉበት) ለስላሳ ቆብ ጆሮ ይጠብቃል እንጂ አንጎልን ከመናወጥ አያድንም። ስለዚህ ታክል (ኳስ ያዡን ይዞ መጣል) እንደ አዲስ፣ በመጀመሪያ በጉልበት ተንበርክኮ፣ ከዚያ በእርምጃ፣ በመጨረሻ በሩጫ ይለመድ። ሲጠጉ እርምጃን ማሳጠር፤ እግርን ለሰውየው አቅርቦ መትከል፤ ዓይን ቀና፣ ጭንቅላት ከሯጩ ኋላ በኩል፤ ትከሻ ከወገብ በታች፤ ሁለቱንም እጅ ጠምጥሞ በእግር መግፋት። እጅ ሳይጠመጠም በትከሻ ብቻ መግጨት ያስቀጣል፤ ጭንቅላት ከተመታ ቀይ ካርድም ሊመጣ ይችላል። የድሮው የፉትቦል ልማድ ግን ድካም ሲመጣ፣ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ፣ ተመልሶ ብቅ ይላል።

ክንፉ፦ እሺ፣ ግዙፎቹስ? 130 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለስክረም አይሆንም?

አሰልጣኙ፦ እሱ የባሰ ነው። ፊት መስመር (የስክረሙ ፊተኛ ሦስት ሰዎች) ላይ ጀርባው ካልተስተካከለ ስክረሙ ይፈርሳል፤ ጫናው በአንገት ላይ ያርፋል። አንድ ለአንድ፣ ከዚያ ሦስት ለሦስት፣ ከዚያ ስምንት ለስምንት፤ አቋራጭ መንገድ የለውም።

ዳኛዋ፦ ደግሞም ለፊት መስመር የሠለጠነ ሰው ከጠፋ ስክረሙ ያለ ግፊት እንዲካሄድ ይደረጋል። ያኔ 130 ኪሎው ምን ይሠራል?