ጥቆማ፦ የሃሚንግበርድ ፊደር የቱ ይሻላል? (ሜሪላንድ)

የጓሮ እመቤት፦ ሰላም ቤቶች። ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ፈረንጇ ጎረቤቴ በረንዳ ላይ ሃሚንግበርድ (ያቺ የአበባ ማር የምትጠጣው ትንሽዬ ወፍ) ስትመላለስ አይቼ ቀናሁ። ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ይመጣሉ ስላለችኝ ከዛ በፊት ፊደር (ስኳር ውሃ ሞልተው ለወፎቹ የሚሰቅሉትን ዕቃ) ልገዛ ነው። የተዘቀዘቀ ጠርሙሱ ይሻላል ወይስ ሳህን የሚመስለው? ከ25 ዶላር ባይበልጥ ደስ ይለኛል።

ቡና ቁርስ፦ ምን ብርቅ ነው እሱ? አዲስ አበባ እናቴ ግቢ ራስ ክምሩ ላይ ሲያብረቀርቅ ይውል የለ እንዴ።

ጋሽ ችግኝ፦ እሱ ሰንበርድ ነው ወንድሜ። ሃሚንግበርድ ከአሜሪካ አህጉር ውጪ የለም። የኛው አብዛኛውን ጊዜ አበባው ላይ አርፎ ነው የሚጠጣው፣ እነዚህ አየር ላይ ቆመው ነው። አንዱ ሰንበርድ እንደውም በተከዜ ወንዝ ነው የተሰየመው።

ቨርጂኒያ ነኝ፦ ስለ ጠርሙሱ እኔን ጠይቂኝ!! አምና ኦንላይን 12 ዶላር ገዛሁ፣ ሪቪው ብትይ 5 ኮከብ። ከሰአት ፀሐይ ሲያገኘው ጠብ ጠብ ይላል፣ በረንዳው ላይ ጫማ እየተጣበቀ፣ መጀመሪያ ጉንዳን በሰልፍ መጣ ከዛ ተርብ፣ ልጄን በልደቱ ቀን ከንፈሩ ላይ ነደፈው፣ ፎቶው ሁሉ ላይ ያበጠ ከንፈር ነው ያለው። ልመልስ ስል ደግሞ ሻጩ ተከፍቷል አልቀበልም አለ። ወፍ? አንድም አላየሁም።

ማር እሸት፦ ውይ የኔ ጌታ! ሽንኩርት አሸሽለት?

ቨርጂኒያ ነኝ፦ በረዶ ነው የያዝኩለት። አሁን ደህና ነው፣ ግን ዝንብም ሲያይ ይሮጣል።

ማር እሸት፦ እኔ ብሆን ስኳር ምናምን አልልም፣ ብርዝ ነበር የማቀርብላቸው።

ሙሉቀን፦ ጌሾ ጣል አድርጊበታ፣ ሜክሲኮ ሰክረው ይግቡ ሃሃሃ። 3 ግራም ለምታክል ወፍ 25 ዶላር? እኔ ለራሴ ምሳ አላወጣም።

ጋሽ ችግኝ፦ ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ ማር እንዳትሰጪ፣ ቶሎ ይቦካል፣ ሻጋታውም ያሳምማቸዋል። 1 ኩባያ ነጭ ስኳር በ4 ኩባያ ውሃ፣ በቃ። ቡናማ ስኳር አይሆንም፣ ቀይ ቀለምም አትጨምሪ፣ ፊደሩ ቀይ ከሆነ ይበቃል። በሐምሌ ሙቀት በየ2 ቀኑ አጥበሽ ካልቀየርሽ የ50 ዶላሩም ዋጋ የለውም። እኔ ያለኝ ሳህን መሳዩ ሃምዚንገር የሚባለው ነው። ፈሳሹ ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ተርብ አይደርስበትም፣ የወፏ ምላስ ግን ይደርሳል። መሃሉ ላይ ውሃ የምትሞይበት ጎድጓዳ አለው፣ ጉንዳን እዛ ይቀራል።

እቴቴ፦ እኔ ከደንበኛዬ ከሰውዬው ሱቅ ውጪ የወፍ ዕቃ አልገዛም። 9 ዓመቴ ነው፣ በስሜ ነው የሚጠራኝ።

የጓሮ እመቤት፦ እቴቴ፣ ሃምዚንገሩን ይሸጣል?

እቴቴ፦ እሱን እንኳ አላውቅም፣ የሰጠኝን ነው የምገዛው። አምና አልመጡልኝም እንጂ ዕቃው አንደኛ ነው።

ሙሉቀን፦ እቴቴ ሃሃሃ ወፎቹ ናቸዋ ጥፋተኞቹ።

ዛፍ ወዳድ፦ ፊደሩን ተይውና ኮራል ሃኒሳክል ትከይ፣ ቀይ ጡሩምባ የመሰለ አበባ ያለው ሐረግ ነው፣ ማጠብ የለ መቀየር የለ። ነጩን የጃፓኑን እንዳትገዢ ብቻ፣ አጥሩንም ዛፉንም ይውጠዋል።

የጓሮ እመቤት፦ ኧረ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የተርቡን ታሪክ ባሌ አንብቦ በቃ ይቅርብን እያለ ነው ሃሃ። እስቲ ቅዳሜ ወጥቼ አያለሁ።

ቨርጂኒያ ነኝ፦ ጠርሙሱን ብቻ!! እንዳትገዢ።

ማር እሸት፦ ጌሾ ሲነሳ አስታወሳችሁኝ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ችግኙን ያበቀለ ሰው አለ? ኢንቦክስ።

እቴቴ፦ ሰውዬውን ልጠይቅልሽ?