ለ14 ዓመት ልጅ የሚሆን ታሪካዊ ልቦለድ ምን ልስጣት?

ሽምብጥ_ሰፈር፦
ሰላም የባህር ዳር ልጆች። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ 9ኛ ገባች፣ ክረምቱን መብራት ሲጠፋ ስልኳም አብሮ ሲዘጋ የብርሃኑ ዘሪሁንን የቴዎድሮስ እንባ አንስታ በሦስት ቀን ጨረሰችው። ከዛ ወዲህ ግን ቤታችን ሰላም የለም፣ እራት ላይ "ቴዎድሮስ እኮ እንዲህ ብሎ ነበር" ትላለች፣ አባባ ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ ነው "ማን ነገረሽ?" ይላታል፣ "መጽሐፉ ላይ አለ!" በቃ ጭቅጭቅ። እሱ ልቦለዱን ቀሟት የታሪክ መጽሐፍ ስጧት ባይ ነው፣ እኔ ደሞ ቴክስት ቡክ ወዶ ያነበበ ልጅ አላየሁም። ምን ልጨምርላት? እውነቱንና ፈጠራውንስ እንዴት ትለየው?

አቸፈሬው፦
የአቤ ጉበኛን አንድ ለናቱ ጨምርላት፣ የኛው አገር ሰው ነው ብዬ አይደለም (ነው ግን ሃሃ)። እሱም ስለ ቴዎድሮስ ነው። ሁለት ደራሲ አንድ ንጉሥ ይዘው ሲለያዩ ካየች ንግግሩን ማን እንዳወራው ራሷ ትደርስበታለች፣ ያንተ ምክር አያስፈልጋትም። አማርኛው ግን ለ14 ዓመት ትንሽ ይከብዳል፣ አባትህ አጠገቧ ይሁኑ።

የድሮ_መምህር፦
ልጄ፣ አባትህን እረዳቸዋለሁ ግን ልቦለዱን አትቀሟት። ልዑል ዓለማየሁን እንውሰድ። በ1860 መቅደላ ላይ እንግሊዞች ሲወስዱት 7 ዓመቱ ነበር፣ እናቱ ጥሩወርቅ ገና ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ አረፈች፣ እሱም እንግሊዝ አገር በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድሶር ተቀበረ። ይሄ አይነካም። መርከቡ ላይ ማታ ማታ ምን እያሰበ ተኛ? እሱን የጻፈልን የለም፣ ደራሲ የሚገባው እዛ ጋ ነው። ዓለማየሁን አገሩ መልሶ ያነገሠ ደራሲ ግን ዋሸ። ልጅቷ እርሳስ ይዛ ታንብብ፣ የተጠራጠረችውን ታስምርበት፣ ከዛ አባቷን ትጠይቅ። ጭቅጭቁም ወደ ሥራ ይለወጣል።

ፔዳ_ግቢ፦
እኔ የምለው ማንበቡ ብቻውን አይበቃም፣ ጀልባ ይዛችሁ ዳጋ እስጢፋኖስ ውሰዳት የአፄ ፋሲልን አስከሬን በዓይኗ ትይ

ጣና_ዳር፦
@ፔዳ_ግቢ ኧረ ወንድሜ፣ ዳጋ ሴት አይገባም እኮ! እዚሁ እየኖርክ? ክብራን ገብርኤልም እንደዛው ነው። ናርጋ ሥላሴ ውሰዳት፣ እሱን ያሠራችው ራሷ እቴጌ ምንትዋብ ናት፣ ግድግዳው ላይም ከእመቤታችን እግር ስር ተደፍታ ተስላለች። የቋራ ልጅ መጥታ እቴጌ ሆና በ1700ዎቹ ከልጇ ጋር አገር ስታስተዳድር ማለት ነው፣ ለ14 ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ልቦለድ አለ? ሥዕሉ ፊት አቁመህ "ይቺ ሴት እዚህ ስትደፋ ምን እያሰበች ነበር?" በላት፣ ደብተርም አስይዛት።

ሽምብጥ_ሰፈር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የእርሳሱን ነገር ለአባባ አነበብኩለት ዝም አለ፣ እሱ ዝም አለ ማለት ተስማማ ማለት ነው። ናርጋ ሲባል ግን "እኔም እመጣለሁ" ብሎ ተነሳ። ጀልባ አሁን ስንት ነው ለሦስት ሰው?

ጣና_ዳር፦
ለሦስት ብቻ አትከራዩ ይከብዳችኋል፣ ናርጋ ሩቅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወደቡ ጋ ኑና ሰው ሰብስባችሁ ውጡ፣ ለአባትህ ደሞ ጃኬት ያዙ፣ ከሰዓት ነፋስ አለ።