«ብርድ መታኝ» በቻይና ሕክምና፦ ትኩሳት ከብርድ ነው ከሙቀት?

ጦሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቻይና ጥንታዊ ሕክምና አንድ ቦታ ላይ ትኩሳት ከብርድ ነው ይላል፣ ሌላ ቦታ ከሙቀት። እኛም ደሴ ላይ «ብርድ መታኝ» ያለውን ዝንጅብል አጠጥተን ነው የምንሸፋፍነው። መቼ ተለወጠ? አሠራሩስ በምን ተለየ?

ቦርከና፦
የብርዱ ሐሳብ ይቀድማል። ሐኪሙ ጃንግ ጆንግጂንግ እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ ባዘጋጀው «ሻንግ ሃን ሉን» በተባለ የሕክምና መጽሐፍ ብርድ ከቆዳ ተነስቶ በስድስት እርከን ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ገና ቆዳ ላይ ሳለ በላብ ይውጣ ነው ነገሩ። ነፋስ ለሚያንገሸግሸውና ለሚያልበው በሽተኛ የቀረፋ ቅርንጫፍ 3 ልያንግ (የድሮ የክብደት መለኪያ ነው)፣ ፒዮኒ የተባለ ተክል ሥር 3፣ ዝንጅብል 3፣ ሊኮሪስ የተባለ ጣፋጭ ሥር 2፣ የእኛ ቁርቁራ ዘመድ የሆነ ፍሬ 12 ይገባል። (የዛሬ መማሪያዎች 3 ልያንጉን 9 ግራም ያደርጉታል።) 7 ሸንግ ውሃ በለዘብታ እሳት 3 እስኪቀር ይፈላል፤ አንድ ሸንግ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንዱ ይጠጣና ትንሽ ቆይቶ ትኩስ የሩዝ አጥሚት ይከተላል፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል መሸፈን። ላቡ ወዝ ወዝ ይበል እንጂ እንደ ውሃ ከወረደ በሽታው አይለቅም። በመጀመሪያው ካላበውና ከቀለለው የቀረው አይጠጣም። ብርድ ልብስ እየደራረቡ ሰው ማድከም እንግዲህ ከመጽሐፉ ውጭ ነው።

ለውጡን ያመጣው ወረርሽኝ ነው። በ1641 የቻይና ክፍለ ሀገራት ሻንዶንግና ጀጂያንግ በትኩሳት ሲታመሱ የብርዱ ሕክምና አልሠራም። ሐኪሙ ዉ ዮውሺንግ በማግስቱ ዓመት በሽታው በአፍና በአፍንጫ የሚገባ የራሱ ክፉ አየር ነው ብሎ ጻፈ። በኋላ የሱጆው ሐኪም ዬ ቲያንሺ ሙቀት መጀመሪያ ሳንባን ይመታል አለ። የሱጆው አገር ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ደጋ ላይ የተለመደውን ቆላ ወስደህ ብትሠራበት እንደማለት ነው።

ገራዶ፦
ወንድሜ ቦርከና አንድ ነገር ልጨምር፤ አሮጌው አልተጣለም። ሌላው ሐኪም ዉ ጁቶንግ በ1798 በጨረሰው የሙቀት በሽታዎች መጽሐፍ መጀመሪያ ያስቀመጠው ያንኑ የቀረፋ መድኃኒት ነው፦ ብርድ ብርድ ለሚለው። ብርዱ ሳይኖር ከተኮሰውና ከጠማው ግን ቀዝቃዛ ባሕርይ ያላቸው ሃኒሰክልና ፎርሲቲያ የተባሉ ዕፅዋት ዱቄት ይሰጣል። መለያው ጥማቱ ነው። ጉሮሮው ለቀላና ውሃ ውሃ ለሚል ሰው ቀረፋና ዝንጅብል መስጠት በእነሱ አስተሳሰብ እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። ዱቄቱም ሲፈላ ሽታው አውድ አውድ እንዳለ ወዲያው ከእሳት ይወጣል፤ ብዙ ከፈላ ቀላልነቱ ይጠፋና ሳንባን አልፎ ይወርዳል ይላሉ።

ጦሳ፦
ዳማከሴ ጨምቆ በቡና መጠጣት ከየትኛው ይመደባል?

ገራዶ፦
ከሁለቱም አይመደብም፣ የራሳችን ነው። አለመቀቀሉ ግን አንድ ነገር ያስታውሳል። ቻይናዊው ሐኪም ጌ ሆንግ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ለወባ ዓይነቱ ትኩሳት ጪንጋኦ የተባለውን ተክል አንድ እፍኝ በ2 ሸንግ ውሃ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣት ብሎ ነበር። በዘመናችን ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮውዮው ይህን አንብባ ሙቀት ያበላሸዋል ብላ ጠረጠረች፤ በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ ኤተር በተባለ ፈሳሽ መድኃኒቱን ከተክሉ አወጣችው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971 የአይጥ ወባን ሙሉ በሙሉ አጠፋ። ጪንጋኦ የጭቁኝ ዘመድ ነው እንጂ ጭቁኝ አይደለም፤ አንዱን በአንዱ አትተኩ። ወባ ካለበት ቆላ፣ ከሚሴ ወይም ባቲ አድሮ የመጣ ሰው ትኩሳት ከያዘው ደግሞ ዝንጅብሉ ከመጣዱ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይታይ።