ደለል የተረጨበት ሣር አይሞትም?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
ሰላም ወገኖች። ከልጆቼ ጋር እዚሁ ሜሪላንድ ብላክዋተር የዱር እንስሳት መጠለያ ሄደን ነበር፣ ንስር ለማየት። ከወንዙ ሥር የተመጠጠ ደለል ረግረጉ ላይ እንደተረጨ ሰማን። ሣሩን ለማዳን ነው አሉ። ጭቃ ከላይ ተደፍቶበት ሣር እንዴት ይድናል? ሥራውን የምታውቁ አስረዱኝ።

ችግኝ ተካዩ፦
ልክ ነሽ እህቴ፣ ወፍሮ ከተደፋበት ይሞታል። ነገሩ ያለው ልኩ ላይ ነው። ብላክዋተር ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከ5,000 ኤከር በላይ ረግረግ አጥቷል። ባሕሩ ከፍ ይላል፣ መሬቱም ይሰምጣል። ኒውትሪያ የሚባል ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንስሳ ደግሞ ሥሩን ሲግጥ ኖሯል። ይህ ሣር ውሃ ቢወድም ሥሩ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ከዋለ ይታፈንና ይበሰብሳል። ስለዚህ በ2016 መጨረሻ 40 ኤከር ገደማ ላይ ጥቂት ኢንች ደለል ተረጨ። መሬቱ ትንሽ ከፍ ሲል ውሃው ይሸሻል፤ የድሮው ሥር አየር አግኝቶ ጭቃውን ሰንጥቆ ይወጣል። በ2017 ደግሞ ችግኝ ተጨመረበት።

እኔ የምተክለው ሌላ ቦታ ነው። አዲስ ደለል እስከ ጉልበት ስለሚያሰምጥ ጣውላ ላይ ቆመን ነው የምንሠራው። ችግኙን ከተከልሽ በኋላ ዙሪያውን ጠበቅ አድርገሽ መጫን አለብሽ፤ አለበለዚያ ውሃው ሲመለስ ነቅሎት ይሄዳል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ዝይ ነው! ለጋውን ከነሥሩ ይመዘዋል። ለዚህ ነው ችንካር ተክለን በላዩ ሲባጎ የምንወጥረው። ማረፊያ ካጣ አይወርድም።

የባልቲሞሩ፦
ከወደብ የሚወጣው ጭቃስ? መርዝ የለበትም?

ችግኝ ተካዩ፦
የውስጠኛው ወደብ ጭቃ ለዚህ ሥራ አይውልም፣ ለብቻው በተከለለ ቦታ ነው የሚጣለው። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ወዳለው ፖፕላር ደሴት የሚሄደው ወደ ባልቲሞር ከሚያስገቡት የመርከብ መስመሮች የተቆፈረው ነው። ያ ደሴት በ1847 ከ1,100 ኤከር በላይ ነበር፤ በ1990ዎቹ 5 ኤከር ገደማ ቀረው። ከ1998 ጀምሮ በደለል እንደገና እየተሠራ ነው። አሁን ኤሊዎች እንቁላል ይጥሉበታል። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል።

ደለሉ ከደረቀ ግን ሌላ ጣጣ አለ። ውስጡ ያለው ድኝ አየር ሲነካው አሲድ ይሆናል፣ ሣርም እንደልቡ አይበቅልበትም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
ተባረክ ወንድሜ። ደሴቱን ለልጆቼ ማሳየት ይቻላል?

ችግኝ ተካዩ፦
ይቻላል። እዚያው አጠገብ ካለው ቲልግማን ከሚባል መንደር በጀልባ ያስጎበኛሉ፤ ቀድመሽ ግን ተመዝገቢ።