ክርክር፦ የፋሲካ ቅቤና ጥሬ ሥጋ ይቀነስ ወይስ እንዳለ ይቀጥል?

አወያይ፦ ፋሲካ በደረሰ ቁጥር ሁለት ወገን ይነሣል። አንዱ «ከ55 ቀን ጾም በኋላ ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ረፋድ ላይ ጥሬ ሥጋ፣ ማታ ጠጅ ጤና አይደለምና ይቀነስ» ይላል። ሌላው «ዓመት በዓል በግራም አይለካም፣ አንድ ቀን ምን ያመጣል?» ይላል። እዚህ የምግብ፣ የሕክምናና የጓዳ ባለሙያዎች ስላላችሁ በመጠንና በምክንያት ተነጋገሩበት።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ «አንድ ቀን ነው» የሚለው ከጅምሩ ልክ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። የተረፈው ወጥ ሳያልቅ ዳግማይ ትንሣኤ ይመጣል፣ ከዚያ ሠርጉ ይከተላል። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ሁለት ወር ገደማ አበላል ነው።

ስሌቱን እንየው። ለአንድ ዶሮ ግማሽ ኪሎ ንጥር ቅቤ የሚጨመርበት ቤት አለ። 500 ግራም ንጥር ቅቤ 4,500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ወጡ ለ12 ሰው ቢዳረስ ለእያንዳንዱ ከቅቤው ብቻ 42 ግራም ስብ፣ 375 ኪሎ ካሎሪ ይደርሰዋል። እንጀራው፣ እንቁላሉና ሥጋው ገና አልተቆጠረም። ቅቤው 250 ግራም ቢሆን ወደ 21 ግራም ይወርዳል፤ ዶሮ ወጡ ግን ያው ዶሮ ወጥ ነው።

የጓዳ ባለሙያ፦ ያው አይደለም እህቴ። ቅቤ መቀነስ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሽንኩርት ማቁላላት ይወቅ። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ፣ በደረቅ ድስት ያለ ዘይት፣ በመጠነኛ እሳት ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይቁላላ። ድስቱን መያዝ ሲጀምር ብቻ ሙቅ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ውሃ አንዴ የፈሰሰበት ሽንኩርት ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፤ ወጡ ይቀጥናል፣ የጥሬ ሽንኩርት ጣዕም አይለቀውም። ብዙ ሰው ቅቤ የሚገለብጠው ይህን ለመሸፈን ነው።

በርበሬውም ስብ ካነሰው ከድስቱ ሥር ያርርና ይመራል። የበርበሬ ቀለምና መዓዛ በስብ ነው የሚወጣው፣ ውሃ ብቻውን አያወጣውም። ለዚህ ነው ዝም ብሎ «በግማሽ ቀንሱ» ሲባል የማልቀበለው።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ እንግዲህ መንገዱን እርስዎ ራስዎ ነገሩን። ሽንኩርቱ በወጉ ከተቁላላ የሚሸፈን ጉድለት የለም። 100 ግራሙን ከበርበሬው ጋር፣ 150ውን መጨረሻ ላይ ከመከለሻው ጋር ብንከፍለውስ? በርበሬው ስቡን ያገኛል፣ የቅቤው መዓዛም ረጅም እሳት ላይ አይባክንም።

የጓዳ ባለሙያ፦ መክፈሉ ያስኬዳል፣ መጠኑ ላይ ግን ገና ነኝ። ሰው የማይጠቀምበት ሌላ ዘዴም አለ። ወጡ አድሮ ሲቀዘቅዝ ቀዩ ቅባት ከላይ ይረጋል፤ በማንኪያ ተነሥቶ ለሳምንቱ ሽሮ ማቁላያ ይሆናል፣ አይጣልም። ጨውን በተመለከተ ደግሞ፣ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ስለሚገባበት ወጡ ሳይቀመስ ጨው አይጨመርበት። ዶሮው እንደሆነ ድሮም ቆዳው ተገፎ፣ ስቡ ተለቅሞ ነው በሎሚና በጨው የሚታጠበው። ይህን ያህል የተጠነቀቀ ባህል ላይ ጣት መቀሰር ይከብዳል።

ነርስ፦ «ሆድ ከጾም በኋላ ሥጋ መፍጨት ይረሳል» የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። ሰው የሚታመመው በሰዓቱና በመጠኑ ነው። ከቅዳሴ መልስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ተበልቶ ወዲያው ይተኛል። ስብ የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም፣ ሰውየው ሲጋደም አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ቃርና ማቃጠሉ ከዚያ ነው። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ደግሞ ስቡ የሐሞት ከረጢቱን አጥብቆ ስለሚያኮማትረው በቀኝ ጎኑ ከባድ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ሌሊት በተልባ ገድፎ፣ ትንሽ ወጥ ቀምሶ፣ ዋናውን ገበታ ረፋድ ላይ ማድረግ ማንንም አይጎዳም።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ጠጅ አይድፈሩ። ጠጁ መጀመሪያ ስኳሩን ከፍ ያደርጋል፤ ከሰዓታት በኋላ፣ ተኝተው ሳለ፣ አልኮሉ ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ስለሚያግድ ሊያወርደው ይችላል። ቤተሰብም «ሰክሮ ተኛ» ብሎ ይተዋቸዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሪህ ያለበትም ሥጋና ቢራ በአንድ ቀን አያጣምር።

የሉካንዳ ባለሙያ፦ ወደ ጥሬ ሥጋ እንምጣ። የታረደበት ቀን፣ በንጹሕ ቢላ፣ ከትልቅ ብልት ላይ የተቆረጠ ቀይ ሥጋ ከማንኛውም የተፈጨ ሥጋ ይሻላል። ክትፎ ሲከተፍ የውጪው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ስንት እጅም ይነካዋል። ደንቡ ቀላል ነው፦ በዕለቱ ጥሬ፣ ከማግስቱ ጀምሮ ጥብስ። ሥጋው ውጪ ተሰቅሎ እየዋለ ለሦስት ቀን ጥሬውን የሚበላ ሰው ባህሉን አላወቀውም።

የእንስሳት ሐኪም፦ ስለ ባክቴሪያው ያሉት ልክ ነው ወንድሜ፣ በቶሎ ሲበላ የመራባት ጊዜ አያገኝም። የኮሶ ትል ግን ትኩስነት አይገደውም። እጩ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ በበሬው ጡንቻ ውስጥ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰች ውሃ የቋጠረች ነጭ ፍሬ ሆኖ ይቀመጣል። ቄራ ያለው መርማሪ መንጋጭላውን፣ ምላሱን፣ ልቡንና ትከሻውን ሰንጥቆ ያያል፤ ቢላው ያላገኘው ያልፋል። ሰፈር ውስጥ በሚታረድ ቅርጫ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ መርማሪም የለም።

ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሎሚ፣ አረቄ፣ አንዳቸውም እጩን አይገድሉትም። የሚገድለው የሥጋው መሐል ድረስ የዘለቀ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት፣ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 10 ቀን መቆየት ነው። ለብ ባለ ቅቤ የታሸ ለብለብ ክትፎ እዚያ አይደርስም።

የሜሪላንድ ነዋሪ፦ እዚህ ማቀዝቀዣው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ስለሚይዝ ብዙ ሰው ሥጋውን ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ገዝቶ ያስቀምጣል። አንድ ላይ የተከመረ 10 ኪሎ መሐሉ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ በ1 በ1 ኪሎ ከፍሎ ማስገባት ያስፈልጋል። ቀኑም የሚቆጠረው ሥጋው እስከ መሐሉ ድንጋይ ከሆነ በኋላ ነው። ለምን አገር ቤት አይለመድም?

የሉካንዳ ባለሙያ፦ በረዶ ሆኖ የፈታ ሥጋ ውሃ ይለቃል፣ ለቁርጥ አይሆንም። ለክትፎ ግን ይሆናል፣ ያንን አልክድም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ 10 ቀን ሙሉ ያልፈታ ሥጋ ማግኘት ከባድ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦ ትክክል፤ መሐል ላይ ከፈታ አትመኑት። ቅዝቃዜው ትሉን እንጂ ሳልሞኔላን አይገድልም፣ ስለዚህ ሥጋው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ይፍታ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ጥሬውን ጨርሶ አይንኩ፤ በዚህ ነጥብ አልደራደርም። የትሉ ቁራጭ ከሰገራ ጋር ወይም ብቻውን ሲወጣ ያየ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ መድኃኒት አለው። ሳይታከም ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ሰው ሣሩን ይበክላል፣ በሬው ያን ይግጣል፣ ለሚመጣው ዓመት ቅርጫም ይደርሳል።

ቅርጫ የምትገቡ ሁሉ፣ ሊሞት ሲል የታረደ በሬ ሥጋ በምንም ዋጋ አትውሰዱ። አባሰንጋ ከሆነ ሥጋውን መቁረጡ ራሱ ያስይዛል፣ ማብሰል አያድንም። በድንገት ከሞተና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም ከወጣ ጭራሽ አይከፈት፤ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ ማንም ያላነሣው አንድ ነገር አለ። 55 ቀን ምስር፣ ሽሮና ጎመን የለመደ አንጀት በፋሲካ ዕለት አሰሩ (ሆድ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል) ድንገት ይቋረጥበታል። የበዓል ማግስት ድርቀት አንዱ ምንጭ ይህ ነው። የጾሙ ምግብ ከገበታው አይጥፋ፤ አንድ ሳህን ጎመንና አንድ ሳህን ምስር ከዶሮው ጎን ይቅረብ።

የጓዳ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ሁለት ወር ጎመን ለበላ ሰው በፋሲካ ምስር ማቅረብ እንግዳን ማስቀየም ነው። ጎመን በሥጋ ይሠራ፣ አይብ በጎመን ይቅረብ። አይቡ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚወጣ ስቡ ትንሽ ነው፣ ጎመኑም ከእነ አሰሩ አለ። ምስሩን ተዉት። ቅቤውን ደግሞ እስከ 300 ግራም እወርዳለሁ፣ ከዚያ በታች ለእንግዳ አላቀርብም።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ 300 ግራም ለ12 ሰው 25 ግራም ነው፤ ድስቱ 12 ሰው ካበላ እቀበላለሁ። 6 ሰው ከጨረሰው ግን ወደ 50 ግራም ተመለስን። አይቡ ላይም ተጨማሪ ቅቤ አይፍሰስ።

የጓዳ ባለሙያ፦ አይቡ ላይ አንድ ማንኪያ፣ ለመዓዛ። እሱን አልተውም።